የሳቅ ዶክተር ተዋዋ የመጣ ዕለት

አክስቴ አሰፋች ከሞተ ሦስት ቀን የሆነውን ባሏን ስትቆጣ ነው ከእንቅልፌ የነቃሁት። «ተነሥና ፊትህን ታጠብ እንጂ። ታሞ ነው ቢባል ጭራሽ እንደ ግንድ ይጋደማል?» ትላለች፣ አፏን ወደ ጎረቤት ግድግዳ አዙራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ግድግዳ ስል የጭቃ ግድግዳ እንዳይመስላችሁ፤ የማሽላ አገዳና የተቀደደ ጆንያ ነው። ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ሲያስነጥስ እኛ እንመርቀዋለን። ጋረደው ግን ፊቱን የሚታጠብበት ጊዜ አልፎ ነበር። ፋሽጋ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ ደረቱን ይዞ መጣ፣ አሥራ አንድ ቀን ሲስል ሰነበተ፣ በአሥራ ሁለተኛው ዝም አለ። እኔና አክስቴ ከደረቁ ወንዝ ዳር ቀበርነው፤ ስንመለስ ጎረቤታችን ሣህሊቱ በር ላይ ቆማ «እንዴት አደረ?» ብላ ጠየቀች። «ሻል ብሎታል» አለቻት አክስቴ። ሣህሊቱ የእጃችንን አፈር አየችና «ይመስገን» ብላ ገባች።

ሳላስረዳ ብቀጥል እብዶች ትሉናላችሁ። የእርዳታ እህል የምንቀበልበት ራሽን ካርድ በጋረደው ስም ነው። ጋረደው ከአንድ ባለ እርሻ የሠራተኛ ወረቀት ስለነበረው ቤተሰቡ እዚህ ሱዳን፣ ተዋዋ የስደተኛ ሰፈር፣ ከገዳሪፍ ከተማ አፍንጫ ሥር፣ እንዲቀመጥ ተፈቅዶለታል። በዚያ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ከወዲያ ማዶ የሚመጣው ረሀብተኛ እንደ ጎርፍ ሆኖ ነበርና አዲስ ደንብ ወጣ፤ የቤቱ አባወራ የሞተ ወይም የጠፋ እንደሆነ ካርዱ ይነጠቃል፣ የቀሩት በሎሪ ተጭነው ጠረፍ ላይ ወደ ተከፈተው አዲስ ካምፕ ይሄዳሉ። ሎሪው ሰው ጭኖ ይሄዳል፤ ሲመለስ የሚያመጣው ወሬ ብቻ ነው፤ ወሬውም ስለ ኩፍኝ ነው። አክስቴ ኮከብ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። እግሯ እንደ እርሳስ ቀጥኖ፣ ጉልበቷ ብቻ ቀርቷል። እዚህ በየቀኑ ወተት የሚሰጡበት ድንኳን አለ፤ ነርሷ ልጅቷን መዝና «ሁለት ወር ሳታቋርጥ ከጠጣች ትተርፋለች» ብላለች። ገበያ ወጥቶ መግዛት አይታሰብም። አምና በአንድ ጊኒ የገዛነው አንድ ምልዋ ዱራ፣ አንድ ስፍር ማሽላ መሆኑ ነው፣ ዘንድሮ አምስት ገብቷል፣ የወተት ዱቄትማ ዋጋውን የሚጠይቀው ሰው ራሱ ስለጠፋ ነጋዴዎቹ ረስተውታል። ስለዚህ ጋረደው ሁለት ወር መኖር ነበረበት። ከዚያ በኋላ እንደፈለገ።

ዕለቱ የቆጠራ ቀን ነበር። በቆጠራ ቀን ተዋዋ ውስጥ ሰው ይዋዋሳል። ሌላ ሰፈር ሙቀጫና ወንፊት እንደሚዋዋሱት ማለቴ ነው። ልጅ በአገዳው ቀዳዳ ከቤት ቤት ይሾልካል፤ ቆጣሪው በፊት ለፊት በር ሲገባ ያንኑ ንፍጣም ልጅ በሦስት ስም ይጽፈዋል። አንድ አንካሳ ሽማግሌ በአንድ ጠዋት የስድስት ቤት አባወራ ሆነው ሲውሉ ደከማቸውና፣ ሰባተኛዋ ሴትዮ ብትጠራቸው «ተይኝ እባክሽ፣ ልጆቼ በዝተውብኛል» አሏት ይባላል። ይባላል ያልኩት እኔው ስለፈጠርኩት ነው፤ ግን ካወራሁት በኋላ ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ የሚሉ ሦስት ሰዎች ተገኝተዋል። እንግዲህ እኔ ደጉ፣ ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ያልጨረስኩ፣ በየትኛውም ካርድ ላይ ያልተጻፍኩ ሰው፣ የዚያን ዕለት ሥራዬ ጋረደው መሆን ነበር። አክስቴ በገመድ የተታታው አንገረብ ላይ አጋደመችኝ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሬ ሳበችው። «ሦስት ጊዜ ሳል። እጅህን አንድ ጊዜ አንሣ። በቃ» አለችኝ። ብርድ ልብሱ ገና ጋረደውን ጋረደውን ይሸት ነበር።

ቆጣሪው ጀማሉ ይባላል። አባቱ አሊ ገላባት ላይ ሱቅ ነበረው፣ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጁ ወዲህ መጥቶ የእርዳታ እህል መዝጋቢ ሆነ። ጉቦ የማይበላ፣ ሰው ሲሞት አብሮ የሚቀብር፣ ትንሽ የዋህ ልጅ ነው። መዝገቡን በብብቱ ይዞ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ገባ።

«ሰላም ዓለይኩም፣ እናቴ። ስንት ናችሁ?»

«እኔ፣ ሰውዬው፣ ልጅቷ» አለች አክስቴ።

«አባባ ዛሬም አልተነሡም?»

«መድኃኒቱን አልውጥ ብሎ ነው። ምን ላድርገው፣ እንደ ልጅ አልገርፈው።»

ሦስት ጊዜ ሳልሁ። እጄን አነሣሁ። እዚህ ላይ ነበር ማቆም። ግን ሰው ከፊቴ ቆሞ ሲያምነኝ ምላሴ ይበላኛል፤ የተፈጠርኩበት ነው። ድምፄን አሻክሬ «የአሊ ልጅ ነህ?» አልሁት። «አባትህን ገላባት ላይ አውቀው ነበር። አንድ ቀን ጫማዬ ተበጥሶ በባዶ እግሬ ስሄድ ቢያየኝ የራሱን አውልቆ ሰጠኝ። እሱ እግሩን እያቃጠለው ወደ ሱቁ ገባ።» አሊን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ጋረደውም አያውቀውም። በብርድ ልብሱ ክር መሐል ሳየው ጀማሉ ቆሞ ቀርቷል። ከጀለቢያው ኪስ ሁለት ሎሚ አውጥቶ ራስጌዬ አስቀመጠ። «በሻይ ይጠጡት አባባ፣ ለደረት ደግ ነው» አለና ሦስት ብሎ ጽፎ ወጣ። አክስቴ እግሩ እስኪርቅ ጠብቃ ብርድ ልብሱን ገፈፈችኝ። አንዱን ሎሚ ለኮከብ ውሃ ውስጥ ጨመቀችላት፣ ልጅቷም ፊቷን አጨማድዳ ጠጣች። እኔ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ።

ቀትር ላይ ደግሞ ዶክተሩ መጣ። ዶክተር መጣ ሲባል ሰው መርፌ መስሎት ልጆች ሸሹ፣ ሣህሊቱ ጎኗን ልታሳይ ቀሚሷን ሰበሰበች። የሳቅ ዶክተር ነው ተባለ። «ሳቅ ምን ሆኖ ነው ሐኪም ያስፈለገው?» አለ ቱርካ፣ የውሃ አህያ የሚነዳው ጎረቤታችን፤ በዚያ ቀን የሰማሁት ደህና ነገር እሱ ነው። ሰውዬው ያዕቁብ ይባላል፣ እናቱ የእኛ አገር ሰው፣ እሱ እዚሁ ተወልዶ ካርቱም የሚያስተምር፣ አማርኛው ደርቆ እንደከረመ ዳቦ የሚሰባበር። የእህል መጋዘኑ ጥላ ሥር ሰበሰበን፣ ድምፅ የሚቀዳበትን ቴፕ ሳጥን ላይ አስቀመጠ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አዘዘልን። አርባ ሰው ያህል መጣ። ለስኳሩ ሲል ራሱን ለመገልበጥ የማይመለስ ሰው ነው እንግዲህ ስለ ሳቅ የሚጠየቀው።

ዶክተሩ ነገሩን አብራራልን። በእጁ ባለው ወረቀት ላይ ያሉት ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ፈረንጆች በየገበያውና በየገዳሙ ሲሳሳቁባቸው የነበሩ ተረቶች ናቸው። ቀልድ የሚባል ነገር፣ አለ፣ በአንድ አፍ የሚነገር ሁለት ታሪክ ነው። ሰሚው በአንዱ ሲሄድ ሲሄድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ትመጣና ለካ ሌላኛው ውስጥ ነበርኩ ይላል። ሁለቱ ታሪኮች ደግሞ መጣላት አለባቸው፤ ሕይወትና ሞት፣ ቅዱስና ርኩስ፣ ማግኘትና ማጣት። ሲጣሉ ሰው ይስቃል። ይህ ሕግ በዘመንና በአገር አይለወጥም ብሎ ያምናል፤ እኛ የመጣንለት ይህንን እንድናረጋግጥለት ነው። ተረት ሲነበብ ለፈገግታ አንድ ጭረት፣ ጥርስ ለታየበት ሁለት፣ ሆድ ለተያዘበት ሦስት ይጽፋል። ጠዋት ጀማሉ ራሳችንን ቆጠረ፣ ቀትር ላይ ዶክተሩ ጥርሳችንን።

የመጀመሪያው ተረት የአንድ ገዳም አለቃ ነው። አለቃው በበዓል ዋዜማ ይሞታል። ንጉሡ የገዳሙን መሬት የሰጠው አለቃው በሕይወት እስካለ ብቻ ስለሆነ መነኮሳቱ ሬሳውን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እጁን በገመድ አስረው ከመጋረጃ ጀርባ እየሳቡ ሕዝቡን ያስባርኩታል። ንጉሡም መጥቶ ይሳለማል፣ ከሬሳው ጋር ይማከራል፣ «በዕድሜዬ እንዲህ የሚያዳምጥ አባት አላጋጠመኝም» ብሎ መሬት ይጨምርለታል። ዶክተሩ አነበበና እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ደቅኖ ጠበቀ። አንድም ሰው አልሳቀም።

«መሬቱን በኋላ አልተነጠቁም?» አለ ቱርካ።

«አይ፣ አልተነጠቁም» አለ ዶክተሩ።

«ገመዱን የሚስበው ታማኝ ሰው ነበር ማለት ነው» አለች ሣህሊቱ። «ሽታውንስ በምን ቻሉት?»

«እሱን አልጻፉትም።»

«ዕጣን አያጡም፣ ገዳም አይደለም እንዴ?» አለ ሌላ ሰው ከኋላ፤ ስለ ሽታው ጥቂት ተማከሩ። ዶክተሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፣ ስሕተቱ ከወረቀቱ የመጣ ይመስል። «ተቃርኖው እኮ ግልጽ ነው» አለ፣ «ሬሳ ነው፤ ይባርካል።» ሰዎቹ በትሕትና አዩት። ብልህ መነኮሳት ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ተባለ፣ ሻይ ይደገም ተባለ።

እኔ ግን ገባኝ። ካርቱም ለሚያስተምረው ሰው ያልገባው ለእኔ ለሰባተኛ ክፍሉ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች ዘንድ ሬሳና ሕያው አልተጣሉም፤ በአንድ ካርድ የሚበሉ ጎረቤታሞች ናቸው። የጎደለው የሚሳቅበት ሰው ነው። ንጉሡ ሩቅ ነው፣ ፊት የለውም። ፊት ያለው፣ እዚሁ ያለ፣ የሚታወቅ ሞኝ ያስፈልጋል። ዶክተሩ ከሁሉ በላይ ለሚያስቅ ሰው አምስት ሊትር ዘይት አዘጋጅቶ ነበር፤ ቆርቆሮው ከቴፑ አጠገብ ያበራል። ዘይቱን ፈልጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያለ ዘይትም ባደረግሁት ነበር፤ የዚያን ጊዜ ጀማሉ ሥራውን ጨርሶ መጥቶ መጋዘኑ በር ላይ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል። ያሞኘሁትን ሰው፣ የተሞኘበትን ነገር፣ ፊት ለፊቱ አውርቼ እሱኑ ማሳቅ። ከዚህ የበለጠ ነገር በሕይወቴ አልመጣልኝም ነበር።

«ዶክተር፣ ይህንኑ ተረት እኛም አገር አለ፤ አያቶቻችን ሲያወሩት የኖሩ ነው። ልንገራቸውና ይስቁ እንደሆነ ይዩ» አልሁት። ቴፑን ከፈተ።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ብዬ ጀመርሁ። አንዲት ባልቴት፣ ባሏ የሞተባት፣ ንጉሡ ለባሏ የሚሰፍርለት እህል እንዳይቀርባት ሬሳውን ጠዋት ጠዋት ትቆጣለች አልሁ፤ የአክስቴን ድምፅ አወጣሁት፣ ያውም አፏን ወደ ጎረቤት ግድግዳ የምታዞርበትን አንገት ጭምር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቱርካ ሳለብኝ። ተው ማለቱ ነበር፤ እኔ ግን የሬሳውን ሳል ያቀበለኝ አስመስዬ ተቀበልሁት፣ ሳልሁም፣ ከኋላ በኩል አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ባልቴቲቱ የእህቷን ልጅ ከብርድ ልብስ ሥር አስገባችው አልሁ። የንጉሡ ቆጣሪ መቃውን ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ አልሁ። ሁሉም ጀማሉን አዩ። ጀማሉ ፈገግ አለ፤ ተረት ውስጥ የእሱ ዓይነት ሥራ መኖሩ ደስ ያለው ይመስላል። እሱ ሲስቅ የሌላው ሰው ፍርሃት ተፈታ። ሬሳው ቆጣሪውን «የእገሌ ልጅ ነህ? አባትህ ለእኔ ሲል በባዶ እግሩ ሄዷል» ሲለው፣ ቆጣሪውም ለሞተው አባቱ ሲያለቅስ፣ መጋዘኑ ሥር ሆዱን ያልያዘ አልነበረም። ለወራት ጥርስ ያላየሁበት ፊት ሁሉ ተከፈተ። ሣህሊቱ መሬት ተቀመጠች። ዶክተሩ ሦስት ሦስት ጭረት እየጻፈ እጁ አልደርስ አለው።

እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ጀማሉ ሐሳቡን ሳይሰበስብ ሻዩን ጨርሶ ይሄድ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ግን ሎሚው ቀረኝ። ከጠዋቱ ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነበር፤ እሱን ትቶ የሚጨርስ ሰው ተረት ነጋሪ አይደለም። «ቆጣሪውም ከኪሱ ሁለት ሎሚ አውጥቶ ለሬሳው ሰጠው» አልሁ። «በሻይ ይጠጡት፣ ለደረት ደግ ነው ብሎ።»

ሳቁ አገዳውን አራገበው። ጀማሉም አፉን ከፍቶ ሳቀ፣ ከዚያ እጁ ሳያዘው ወደ ጀለቢያው ኪስ ገባ። እዚያው ቀረ። አፉ እንደተከፈተ ነው፤ ሳቁ ግን ወጥቶ ሄዷል። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ እንዳይደፋ፣ እና ወጣ። ሰዉ አንድ በአንድ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። ዶክተሩ ብቻ ደስ ብሎታል።

«ከማን ሰማኸው?» አለኝ ቴፑን ዘግቶ።

«ከአያቴ።»

«አያትህስ?»

«ከአያታቸው። ሦስት መቶ ዓመት አይሞላውም ብለው ነው?»

«እኔም እንደዚያ ገምቼ ነበር» አለና ጻፈው። ዘይቱን አንሥቶ ሰጠኝ።

ጀማሉን መንገድ ላይ ደረስሁበት። ፊቱን ሳያዞር ነው የሚሄደው። «ተረት ነው እኮ ጀማሉ» አልሁት። «አንተ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣» አለኝ፣ «ስለ ካርዱ ብትዋሹኝ ዝም ባልሁ። ስንቱን ቤት ዝም ብያለሁ። ልጅ በጀርባ በር ሲሾልክ የማላይ ይመስልሃል?» ቆመ። «አርባ ሰው ሰምቷል። ቴፕ ላይ ገብቷል። ሰውዬው ማታ ከአለቃዬ ጋር ነው እራት የሚበላው። አሁን እንዴት ብዬ ነው ዝም የምለው? ንገረኝ እስቲ፣ አንተ አዋቂ ነህ።» የዘይቱን ቆርቆሮ ከእጅ ወደ እጅ አዛወርሁ። ትንሽ ሄድ ብሎ ደግሞ «አባቴ ጫማ ሰጥቶሃል?» አለኝ። «ለጋረደው ማለቴ ነው።» «አይ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ።

ቤት ስንደርስ አክስቴ ኮከብን ከወተት ድንኳኑ አምጥታ አንገረቡ ላይ አስቀምጣታለች። ሳቁ እስከዚያ ድረስ ተሰምቷታል መሰለኝ፣ ጀማሉ በር ላይ ሲቆም አልደነገጠችም። የዘይቱን ቆርቆሮ አየች፣ እኔን አላየችም። ጀማሉም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እናቴ፣ ካርዱን» አላት። ከአገዳው መሐል መዝዛ ሰጠችው። ቤቱ ከጠዋቱ ምንም አልተለወጠም፤ ጆንያው፣ የውሃ በርሜሉ፣ የጋረደው ማጭድ ምሰሶው ላይ፣ የቀረው አንድ ሎሚ። ዕቃ ትሰበስባለች፣ እኔ ቆሜአለሁ። ብርድ ልብሱን ስታጥፍ አንዱን ጫፍ ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ፤ ብቻዋን አጥፋ በጉልበቷ ተጫነችው። «አክስቴ» አልሁ። የኮከብን ጫማ ፈለገች፣ አንዱን አገኘች፣ አንዱን ከአንገረቡ ሥር አቀበልኋት፤ ተቀበለችኝ። ይህንን ያህል ነው የተነጋገርነው።

ሎሪው በቆጠራ ቀን ሁሉ ከመጋዘኑ ጀርባ ይቆማል፤ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከዓስር ሶላት በፊት መነሣት አለበት። የዚያን ቀን ካርዱን የተነጠቀ ሠላሳ ሰው ያህል ተጭኖበታል፣ ግማሹ ቀትር ላይ ሻያችንን ሊጠጣ የመጣ ነው። ጀማሉ መዝገቡን የሎሪው ጭቃ መከላከያ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል።

«ስም።»

«አሰፋች።»

«ባል።»

«ሞቷል» አለች።

«መቼ?»

ኮከብን ጀርባዋ ላይ አዝላ አንቀልባውን ደረቷ ላይ እያሰረች ነበር። ያን ጊዜ ነው ከቀትር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችኝ።

«ዛሬ።»

«ዛሬ?»

«ከቀትር በኋላ ነው» አለችው። «እስከዚያማ ደህና ነበር፤ ጠዋት ካንተ ጋር ራሱ ሲጫወት ነበር። መሞቱን ደጉ ነው የነገረን።»

ከሎሪው ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለው። ጠቅላላ ሎሪው፣ ኮተቱን ታቅፎ የት እንደሚወስዱት የማያውቀው ሰው ሁሉ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዶክተሩ እዚያ አልነበረም፤ በመኪናው ወደ ከተማ ተመልሷል። ጀማሉ ቀኑን ጻፈ፣ ቀለሙን አቀረበላት። አውራ ጣቷን ጫነች። ከዚያ ዞራ የዘይቱን ቆርቆሮ ከእጄ ወሰደችና ወደ ሎሪው ወጣች፤ እኔ ያን ጊዜም ሳቄ አላቆመልኝም ነበር።